ስም የሌለው ደጓሽና የብረቱ ምልክት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ሰነቴ አምባ፥ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ አስረድተዋችኋል። እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ነገሮች ናቸው። እኔ የምናገረው ግን ጫፉ ከአንዲት የገብስ ፍሬ ስለማይበልጥ ብረት ነው። ይኸውም የመጽሐፍ ደጓሾች በቆዳ ላይ ጌጥ የሚያትሙበት መደጎሻ ነው። ደጓሹ ስሙን በመጽሐፉ ላይ አልጻፈም፤ ታዲያ በብረቱ ምልክት ብቻ ማን እንደ ሆነ፥ ወይም ቢያንስ የትኞቹ መጻሕፍት የእርሱ እጅ ሥራ እንደ ሆኑ ለማወቅ ይቻላልን? የንግግሬ ጥያቄ ይህ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የብራና መጽሐፍ አሠራር ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም፤ የማያውቁም ስላሉ ግን ባጭሩ ልናገር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይሆናል። ቅጠሎቹ ታጥፈው በጥራዝ በጥራዝ ይዘጋጃሉ። ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ ጥራዞቹ በጅማት ወይም በጠንካራ ክር፥ አንዱ ካንዱ እንደ ሰንሰለት እየተያያዙ ይሰፋሉ። ከፊትና ከኋላ ከዋንዛ ወይም ከሌላ ደኅና እንጨት የተጠረቡ ሁለት ገበታዎች ይገባሉ። ገበታዎቹ በጠርዛቸው በኩል ይበሱና ያው የስፌቱ ክር ይዟቸው ይቀራል፤ ለስፌቱ ሙጫ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በእጅ ሥራ ክፍል የተቀደዱ የመማሪያ መጻሕፍትን በዱቄት ሙጫና በጨርቅ እንጠግን ነበር፤ ጥገናችን ከአንድ ክረምት ያለፈበት ጊዜ ጥቂት ነው። የብራናው መጽሐፍ ግን ክሩ ቢበጠስ እንኳ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል።

ብዙ መጻሕፍት በዚሁ ባዶ ገበታ ይቀራሉ። ባለቤቱ አቅም ያለው ወይም መጽሐፉ የተከበረ ሲሆን ገበታው ቀይ ወይም ቡናማ ቆዳ ይለብሳል። የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይጣበቃል፤ በገበታው ውስጠኛ ፊት መካከል ባዶ የሚቀረው ስፍራ ብዙ ጊዜ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ባለጸጋ ካሠራውም ጨርቁ ግምጃ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ነው ደጓሹ ብረቶቹን የሚያነሣው። ብረቱን በእሳት አሙቆ በቆዳው ላይ ይጫነዋል፤ ቆዳው በዚያ ስፍራ ጠቁሮና ጐድጕዶ ይቀራል። ወርቅ አይገባበትም። በመካከሉ መስቀል ይቆማል፤ ዙሪያውንም እንደ አጥር አንዱ ባንዱ ውስጥ የገቡ ክፈፎች ይከቡታል። ክፈፎቹን የሚሞሉት ትናንሾቹ ብረቶች ናቸው፤ አንዱ ድርብ መስመር፥ አንዱ ክብ፥ አንዱ መረብ፥ አንዱ የሐረግ ጥምዝ ያትማል። ደጓሹ ያሉት ብረቶች በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑም፥ በአንድ ገበታ ላይ አንዲቱ ብረት ከመቶ ጊዜ በላይ ልታርፍ ትችላለች።

ጸሐፊው ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ያጻፈውም ሰው ስሙ ይጠራል፤ አንባቢውም እንዲጸልይላቸው ይለመናል። ቆዳውን አልፍቶ፥ ገበታውን ጠርቦ፥ ጌጡን ያተመው ሰው ግን ሌላ ከሆነ አይጠራም። በአንዳንድ ስፍራ ጸሐፊው ራሱ ይደጕሳል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው። ሌላ ሰው የደጐሰው እንደ ሆነ ግን የቀረልን የብረቱ ምልክት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በጎባ ያስተማሩኝን የኔታን፥ «ይህን የደጐሰው ማነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፥ ጸሐፊውን ከመጨረሻው ቅጠል ታገኘዋለህ፤ ደጓሹን ግን እግዜር ያውቀዋል» አሉኝ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ከ16ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ የነገሥታትንና የመኳንንትን መጻሕፍት በወርቅ የሚያስጌጡ ዝነኞች ሠራተኞች ነበሩ። እነርሱ ብረታቸውን አሙቀው የሚጫኑት ስስ የወርቅ ቅጠል በቆዳው ላይ አስተኝተው ነው፤ ሥራው ግን በመሠረቱ ያው ነው። ከነዚህም የሚበዙት በሥራቸው ላይ ስማቸውን አልተዉም። በ1733 የንጉሥ ጠራዥ የሆነው አንትዋን ሚሼል ፓደሉ (1685–1758) በአንዳንድ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ የታተመበትን ትንሽ ወረቀት ይለጥፍ ነበርና እርሱ ይታወቃል። ኒኮላ ደኒ ደሮም (1731–1790) ደግሞ ክንፏን በዘረጋች አንዲት ትንሽ ወፍ ይታወቃል፤ ወፊቱ በጌጡ ቅርንጫፎች መካከል ትገኛለች።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፓሪስ ወፍ ያለው ብረት የነበረው ደሮም ብቻ አይደለም። ወፍ ያየ ሁሉ «ይህ የደሮም ነው» ቢል ሊሳሳት ይችላል፤ የመጽሐፍ ነጋዴ ደግሞ ዝነኛ ስም ዋጋ ስለሚጨምርለት እንዲህ ለማለት ይፈጥናል። ደግሞም ብረት ይወረሳል። ደሮም ሥራውን ሲተው ሱቁን የያዘው የእኅቱ ወይም የወንድሙ ልጅ የሆነው ብራደል ነበር፤ ብረት ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ምልክቱ አይለወጥም፤ እጁ ግን ተለውጧል። በዚያ ላይ በፓሪስ መጽሐፉን የሚሰፋውና በወርቅ የሚያስጌጠው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ብረቱ የሚያመለክተው አንድን ሰው ሳይሆን አንድን የሥራ ቤት ነው ማለት ይቀላል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሳበኝ ግን ስሙ ያልታወቀ አንድ የፓሪስ ሠራተኛ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፥ መጽሐፍ ወዳድ ለነበረው ለዣን ግሮሊዬና ለሌሎች ይሠራ ነበር። ሊቃውንት ሥራዎቹን ከብረቶቹ አንጻር ሰብስበው አንድ ላይ ካደረጉ በኋላ፥ ከብረቶቹ አንዱ ቀስት ስለሚመስል፥ በአፈ ታሪክ የፍቅር አምላክ በሚባለው በኩፒድ ስም «የኩፒድ ቀስት ጠራዥ» ብለው ጠሩት። የእናት የአባቱ ስም ጠፋ፤ ብረቱ ግን ስም አወጣለት። የእኛን ደጓሾች በዚህ መንገድ ለመጥራት ምን ይከለክለናል?

አሁን እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። በኪሳችሁ የአንድ ብር ሳንቲም ያላችሁ አውጡ። ሳንቲሙን ከደብተራችሁ ቅጠል በታች አድርጋችሁ ቅጠሉን በእርሳስ ጎን ቀስ ብላችሁ እሹት፤ አንበሳው ይወጣል። የመጽሐፉ ቆዳ ላይ የታተመውም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ በቆዳው ላይ ምልክቱ ስለሚጐደጕድ እርሳሱ ዙሪያውን አጥቁሮ ምልክቱን ነጭ ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን የእርሳስ ቅጂ በአውሮፓ የሚያጠኑት ሰዎች ብዙ ዘመን ተጠቅመውበታል። የሁላችሁም አንበሳ አንድ ዐይነት የሆነው ሳንቲሙ በመኪና ስለ ተሠራ ነው። መደጎሻን ግን ባለ እጅ አንድ በአንድ በሞረድና በመሮ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሁለት መረብ የሚያትሙ ብረቶች ቢመሳሰሉም መንትዮች አይሆኑም። አንዱ መስመር ይጠማል፤ አንዱ ጥግ ይሸረፋል። ያ ጕድለት ነው ፊርማው።

እኔ በዚህ መንገድ ሦስት መጻሕፍት መርምሬአለሁ። አንደኛው የአያቴ ዳዊት ነው። ሁለተኛው የየኔታ ወንጌለ ዮሐንስ ነው። ሦስተኛው ወደ ዲንሾ በሚወስደው መንገድ በኩል የሚኖሩ የአንድ ካህን ዳዊት ነው። ባለቤቶቹ ፈቅደውልኝ የሦስቱንም ገበታ በስስ ወረቀት ገለበጥሁ። በሦስቱም ላይ መረብ የምታትም ብረት አርፋለች፤ ስፋቷም በሦስቱም 7 ሚሊሜትር ነው። ስፋት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ቆዳ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ከአንዱ ብረት ሊመጣ ይችላል፤ ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶችም በስፋት እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በአጉሊ መነጽር ተመለከትሁ። በሦስቱም መጻሕፍት የመረቡ መካከለኛ መስመር ወደ ግራ ጥቂት ያዘነበለ ነው። በአያቴ ዳዊትና በየኔታ ወንጌል ላይ ደግሞ የመረቡ የታችኛው ቀኝ ጥግ ጐድሏል፤ በካህኑ ዳዊት ላይ ግን ጥጉ ሙሉ ነው።

ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው የካህኑ ዳዊት የሌላ ብረት ነው» ሊል ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አሰብሁ። ብረት ሲሸረፍ እንጂ የተሸረፈው ሲበቅል አይታይም። የጠመመው መስመር በሦስቱም አንድ ከሆነ፥ የካህኑ ዳዊት የተደጐሰው ብረቷ ከመሸረፏ በፊት፥ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ከተሸረፈች በኋላ ነው ማለት ይቻላል። በዚህም ላይ ሌላ ምስክር አለ። የክፈፉ መስመሮች ጥግ ላይ ሲገናኙ አንዳንድ ደጓሽ በልክ ያቆማቸዋል፤ የእነዚህ የሦስቱ ደጓሽ ግን መስመሩን ሁልጊዜ ጥቂት አሳልፎ ያቋርጠዋል። ብረት ቢወረስም እንዲህ ያለ የእጅ ልማድ በቀላሉ አይወረስም። ስለዚህ ሦስቱ ከአንድ እጅ የወጡ ይመስለኛል፤ ለዚህ ሰው እኔ «ባለ ጕድለት መረቡ» የሚል ስም አውጥቼለታለሁ።

ይህ ለባሌ ምን ይጠቅማል የሚለኝ አይጠፋም። ከሸዋና ከሰሜን ወደዚህ ደጋ የመጡ ካህናት መጻሕፍታቸውን በማኅደር አንግተው ነው የመጡት። ብዙው መጽሐፍ የት እንደ ተደጐሰ አይናገርም። የእኛ ሦስት መጻሕፍት ምልክት በሸዋ ወይም በጎንደር ባለ አንድ መጽሐፍ ላይ ቢገኝ፥ የሠራተኛው አገር ይታወቃል፤ በሌላ ስፍራ ሁሉ ታጥቶ በባሌ ብቻ ቢደጋገም ደግሞ በዚህ ብርድ ውስጥ ተቀምጦ የደጐሰ ሰው ነበረ ማለት ነው። እርግጥ ነው፥ ቆዳው ከጽሑፉ ብዙ ዘመን ሊያንስ ይችላል፤ አሮጌ መጽሐፍ አዲስ ልብስ መልበሱ የተለመደ ነውና። የብረቱ ምልክት የሚመሰክረው ስለ ልብሱ እንጂ ስለ ጽሑፉ ዕድሜ አይደለም።

አዲስ ልብስ ካልሁ ዘንድ በቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ። የአያቴ ዳዊት ቆዳው በጀርባው በኩል ተሰንጥቆ ነበር። አጎቴ ለጥምቀት በዓል እንዲደርስ ወደ አዲስ አበባ ወስዶ በአዲስ ቆዳ ሊያስለብሰው ቆረጠ። እኔ አሮጌው ቆዳ እንዳይነካ ለመንሁ። አጎቴም፥ «አባትህ የተቀደደ ልብስ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ ዝም ትላለህን? ዳዊቱስ ከአባትህ ያንሳልን?» አለኝ። ይህ ቃል ከባድ ነው፤ ከክብር የመጣ ነውና። አያቴ ሁለታችንንም ሰምተው፥ «ይልበስ፤ አሮጌው ግን ይመለስልኝ» ብለው ፈረዱ። መጽሐፉ ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ በፋኖስ ብርሃን ሁለቱንም ገበታ በእርሳስ ገለበጥሁ። መጽሐፉ አምሮ ተመለሰ። ከአሮጌው ቆዳ ግን የመጣልን የፊተኛው ገበታ ብቻ ነው፤ የኋለኛውን ሠራተኛው ከፍርፋሪ ጋር ጥሎታል። ድርብ መስመሩና ክቧ ብረት በደንብ የታዩት በኋለኛው ገበታ ላይ ነበር። እነዚያ አሁን ያሉት በእኔ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። አያቴ የፊተኛውን ቆዳ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከዳዊቱ ጋር በማኅደሩ ውስጥ አኑረውታል።

በእስልምና መጻሕፍትም በኩል ነገሩ እንዲሁ ነው። በምሥራቁ የባሌ ምድር በድሬ ሼክ ሁሴን የሚገኘው ታላቅ የመሳለሚያ ስፍራ ከሐረር ጋር የቆየ ግንኙነት አለው፤ ሐረር ደግሞ በጥረዛ የታወቀች ከተማ ነበረች። በ1855 ሐረርን ያየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የሐረር ጠራዦችን ሥራ ከምሥራቅ አገሮች የሚበልጠው የፋርስ ብቻ ነው እስከ ማለት አድንቆታል። በርተን ስለ ሐረር ሁሉን አላመሰገነምና ይህ ምስጋና ዋጋ አለው። የእስልምናው ጥራዝ ብዙ ጊዜ ከኋለኛው ገበታ የሚወጣና ቅጠሎቹን የሚሸፍን መክደኛ አለው፤ ጌጡም መስቀል ሳይሆን በመካከል የሚቀመጥ ክብ ወይም ሞላላ ነው። ዛሬ በሐረር በአብዱላሂ ሸሪፍ የተመሠረተው ቤተ መዘክር ብዙ መጻሕፍት ሰብስቦ ይጠብቃል፤ ጥረዛውም እንደገና እንዲነሣ ደክሟል። ሙስሊም ጓደኞቼ በቤታችሁ ባለው ቁርኣን ገበታ ላይ ያለውን ብረት ብትመለከቱ፥ እኔ የማልደርስበትን ታገኙ ይሆናል።

ወደ ውጭ አገር የሄዱትም መጻሕፍት በዚህ ነገር ይገባሉ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት 350 ያህል ብራናዎች በለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በአገራችን ሲዞር የሰበሰባቸውን 234 መጻሕፍት ዝርዝር በ1859 አሳትሟል፤ መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ስለዚህ የፓደሉና የደሮም ወርቅ፥ የእኛም አገር ብራና፥ በአንድ ቤት ጥበቃ ሥር ይኖራሉ። የፈረንሳዮቹ ብረት በሚሊሜትር ተለክቶ ተመዝግቧል፤ የእኛዎቹን ደጓሾች ብረት በዚያ መጠን የለካው ጥቂት ነው። ከ1973 ጀምሮ በአገራችን በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች አሉ፤ ቅጂዎቹም በአሜሪካ በሚኒሶታ ይገኛሉ። ያ ሥራ ብዙ ጽሑፍ ከጥፋት አድኗል፤ የታሰበው ግን ለሚነበበው እንጂ ለገበታው አልነበረም። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1981 ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አሠራር ያሳተሙት ጥናት የደጓሹንም ሥራ ከነመሣሪያው ጽፎ አቆይቶልናል፤ ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ሌላም ጥቅም አለው። ብራና ይሰረቃል፤ ይሸጣል። ሌባው የባለቤቱ ወይም የደብሩ ስም ያለበትን ቅጠል ገንጥሎ ሊጥል ይችላል፤ መቶ ጊዜ የታተመውን ገበታ ግን ሊያጠፋው ቢል የሚሸጠውን ዕቃ ያበላሻል። የገበታው ቅጂ አስቀድሞ በደብሩ ሣጥን ውስጥ ካለ፥ መጽሐፉ በተገኘ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር ነው።

ሊሠሩ ለሚፈልጉ ጥቂት ነገር ልጨምር። ከሁሉ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ካህኑ ራሱ መጽሐፉን ይያዝ። እጃችሁ ቅቤ እንዳይነካው ተጠንቀቁ። ወረቀቱ ስስ፥ እርሳሱ ለስላሳ ይሁን፤ አትጫኑ። ቆዳው እንደ ቅርፊት የሚነሣ ከሆነ እርሳስ ከቶ አታስነኩት፤ ያን ጊዜ በስልክ ፎቶግራፍ አንሡት፤ መብራቱንም ከፊት ሳይሆን ከጎን አድርጉ፤ አለዚያ ጕድጓዱ አይታይም። ማስመሪያ አጠገቡ አኑራችሁ አንሡ። በወረቀቱ ጀርባ የመጽሐፉን ስም፥ የፊተኛው ወይም የኋለኛው ገበታ መሆኑን፥ ላዩ በየት በኩል እንደ ሆነና ቀኑን ጻፉ። የመጽሐፉን ባለቤት ስምና ስፍራ ግን ለብቻው በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ለርእሰ መምህሩ ስጡ፤ አሁን ስለ ሌባ የተናገርሁት አይረሳ።

የሦስቱ መጻሕፍት ቅጂዎች በቤተ መጻሕፍታችን በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። የጐደለው የመረብ ጥግ በቀይ ቀለም ተከቧል። አጉሊ መነጽሩ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ወላጆች ይቅደሙ፤ እኛ ተማሪዎች ከምሳ በኋላ እናያለን።